በመጽሐፉ መጨረሻ የተጻፈ ስም

ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣችሁ አባቶች፣ መምህራንና ወጣቶች፤ ስለ ትንሽ ሥዕል ልናገር ተነሥቻለሁ።

ነገሬን በአንድ ቅጠል ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ ለእንግዳ የስጦታ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ከግድግዳው ላይ አንድ የብራና ቅጠል በመስታወት ተከድኖ ተሰቅሏል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። ቀዩ ቀለም ገና አልደበዘዘም። የቅጠሉ ግራ ጠርዝ ግን ቀጥ ብሎ በምላጭ ተቆርጧል። ሻጩን "ከየት የመጣ ነው?" አልኩት። "ከሰሜን ነው" አለኝ። "የማን እጅ ነው?" ስለው "ኧረ የድሮ ነው!" ብሎ መለሰልኝ። የሠዓሊውን ስም ስጠይቅ ዕድሜ ተሰጠኝ። ያ ቅጠል ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ተቆረጠ፣ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደ ነበረ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደ ሣለው ከእንግዲህ የሚናገር የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ ሥዕል ስሙን የሚያጣው እንዴት ነው? ያጣውን ስምስ መልሶ የሚያገኘው በምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ሁለት ሠዓሊዎች አገኘሁ። አንዱ ፈረንሳዊ ነው፤ ዣን ፉኬ ይባላል። ሌላው የእኛ ነው፤ ፍሬ ጽዮን ይባላል። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት የኖሩ ናቸው። ሁለቱም ለነገሥታት ሠርተዋል። አንዱ ሌላውን አላየም፤ ስሙንም አልሰማም። ነገር ግን ሁለቱም ዛሬ በስማቸው የሚታወቁት በአንድ ዓይነት ምክንያት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን ስጠራ ለማስተያየት እንዲመች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ ስቆጥር "ዓመተ ምሕረት" እላለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ። ፈረንጆች በብራና መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘውን ትንሽ ሥዕል፣ ኋላም በእጅ መዳፍ የሚያዘውን ትንሽ የሰው መልክ ሥዕል "ሚኒያቸር" ይሉታል። ብዙ ሰው ይህ ቃል "ትንሽ" ማለት ይመስለዋል። ሥሩ ግን ሌላ ነው። "ሚኒየም" በላቲን ከእርሳስ ማዕድን የሚዘጋጅ ቀይ ቀለም ነው። የጥንት ጸሐፊ አርእስቱንና የምዕራፉን መጀመሪያ በዚህ ቀይ ቀለም ያደምቅ ነበርና ሥራው በቀለሙ ስም ተጠራ። ይህን ስሰማ ልቤ ወደዚህ አገር ነው የሮጠው። በእኛ ብራና ቀዩ ቀለም ለምን እንደሚቀመጥ ከዚህ ያላችሁ አባቶች ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። የእመቤታችን ስም በቀይ ነው። የጻድቁ፣ የሰማዕቱ ስም በቀይ ነው። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስምም በጸሎቱ መካከል በቀይ ይገባል። ቀዩ ቀለም ያለው ስም ለመጥራት ነው። ትንሹ ሥዕልም ሆነ ቀዩ ስም የተወለዱት ከአንድ ቀንድ ቀለም ነው።

አሁን ወደ ፈረንሳዊው ልሂድ። ዣን ፉኬ በ1420 ገደማ በፈረንሳይ መካከለኛ ክፍል፣ ሎዋር በሚባለው ወንዝ አጠገብ በምትገኝ ቱር በምትባል ከተማ ተወለደ። ፈረንሳይ ያን ጊዜ ከእንግሊዝ ጋር ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ጦርነት ላይ ነበረች። ንጉሡ ሻርል 7ኛ ፓሪስን ለጠላት ለቀው ቤተ መንግሥታቸውን በዚያው በሎዋር ዳር አድርገው ነበር። ስለዚህ ቱር የንጉሡ ሰዎች፣ የገንዘብ ሹማምንቱ፣ የነጋዴዎቹ መኖሪያ ሆና ነበር። ሠዓሊ የሚያሠራው ሰው ባለበት ያድጋልና ፉኬም በዚያ አደገ።

ፉኬ ገና ወጣት ሳለ ወደ ጣልያን ሄደ። በሮም የሊቀ ጳጳሳቱን የኤውጄንዮስ 4ኛን መልክ ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። መሣሉን የምናውቀው ፊላሬቴ የሚባል ጣልያናዊ የቅርጻ ቅርጽና የሕንጻ ጠቢብ ፈረንሳዊውን መልክ በመሣል አመስግኖ ስለ ጻፈ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ልበል። እኒህ ኤውጄንዮስ 4ኛ ማን ናቸው? በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ከኢየሩሳሌም የመጡትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተቀበሉት ጳጳስ ናቸው። የእኛ መነኮሳት በፍሎረንስ ጎዳና ሲያልፉ ሕዝቡ ተደንቆ አይቷቸዋል። ፊላሬቴም በ1445 የጨረሰውን የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ሲሠራ እነዚያን ኢትዮጵያውያን ከነሐሱ ላይ ቀርጿቸዋል፤ በሩ ዛሬም በሮም ቆሟል። የፉኬን ስም በጽሑፍ ያተረፈው እጅና የመነኮሶቻችንን መልክ በነሐስ ያተረፈው እጅ አንድ እጅ ነው። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ።

ፉኬ የአገሩን ንጉሥ ሻርልንም ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ሙዚየም አለ። ሰውዬው ደክሟቸዋል፤ ዓይናቸው ከብዷል፤ አፍንጫቸው ረዝሟል። በሥዕሉ ጠርዝ ግን "ድል አድራጊው ንጉሥ" የሚል ትርጉም ያለው ጽሕፈት ተጽፏል። ፉኬ ንጉሡን አላሳመራቸውም፤ ያየውን ነው የሣለው።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን የራሱ መልክ ነው። ከመዳብ የተሠራች፣ ስፋቷ 7 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ አንዲት ክብ ሰሌዳ አለች።  ሰሌዳዋ ጥቁር መስታወት መሳይ ልባስ በእሳት ተቀብታለች፤ በጥቁሩ ላይ በወርቅ ቀለም የአንድ ሰው ፊት ተሥሏል። ቆብ አድርጓል፤ ዓይኑ በቀጥታ ያያችኋል። ከጎኑ ስሙ ተጽፏል፦ ዣን ፉኬ። ይህች በ1450ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ሰሌዳ በአውሮፓ ሠዓሊ ራሱን ብቻ ለይቶ ከሣለባቸው ሥራዎች ከጥንታዊዎቹ አንዷ ናት። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ በመዳፍ የሚያዝ የመልክ ሥዕል ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት ክሉዌ የሚባሉ አባትና ልጅ ሠሩበት። በናፖሊዮን ዘመን ዣን ባፕቲስት ኢዛቤ የሚባለው ሠዓሊ በዝሆን ጥርስ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ቤተሰብ መልክ እየሣለ ከበረበት። ፎቶግራፍ ሲመጣ ሙያው ደከመ። የዚህ ሙያ ምንጭ ግን ያች የፉኬ ትንሽ ሰሌዳ ናት ቢባል ብዙ አያሳስትም።

ፉኬ ከሠራላቸው ሰዎች አንዱ የንጉሡ የግምጃ ቤት ሹም ኤትየን ሸቫልዬ ነበር። ኤትየን ማለት በእኛ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ሹሙ ለሁለት ነገር ሠዓሊውን ቀጠረው። የመጀመሪያው ሜሉን ለምትባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን የሚሆን ባለ ሁለት ሰሌዳ ሥዕል ነው። በአንደኛው ሰሌዳ ሹሙ ተንበርክኳል፤ ከኋላው ቅዱስ እስጢፋኖስ ቆሞ በእጁ መጽሐፍ ይዟል፤ በመጽሐፉ ላይ የተወገረበት ድንጋይ ተቀምጧል። በሁለተኛው ሰሌዳ እመቤታችን ከልጇ ጋር በቀይና በሰማያዊ መላእክት መካከል ተቀምጣለች። የእመቤታችን ፊት በንጉሡ ቤት ከነበረች አንዲት ሴት መልክ የተወሰደ ነው ይባላል። በእኛ ሥርዓት ይህ አይሆንም፤ የእመቤታችን መልክ ከማንም ሴት አይቀዳም። ይህን ልዩነት የማነሳው ለመንቀፍ አይደለም፤ ወደ ኋላ ፍሬ ጽዮን ዘንድ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ነው። ሁለቱ ሰሌዳዎች ዛሬ ተለያይተዋል። አንዱ በበርሊን፣ አንዱ በቤልጅየም በአንትወርፕ ይኖራል።

ሁለተኛው ሥራ ሹሙ የሚጸልይበት የሰዓታት መጽሐፍ ነበር። ቅጠሉ ከሰው እጅ እምብዛም አይበልጥም። በእነዚህ ትንንሽ ቅጠሎች ላይ ፉኬ ከተማ፣ ጦር፣ ወንዝ፣ ቤተ መንግሥት፣ የመቶ ሰው ፊት አስገብቷል። ይህ መጽሐፍ በ18ኛው መቶ ዓመት ተበተነ። ሥዕሎቹ ከጽሑፉ እየተቆረጡ አንድ በአንድ ተሸጡ። ዛሬ ያሉት 47 ቅጠሎች ናቸው። አርባው ከፓሪስ በስተሰሜን በሻንቲዪ አንድ ላይ ይገኛሉ፤ የቀሩት በፓሪስ፣ በእንግሊዝና በኒው ዮርክ ተበትነው ቀርተዋል። ወገኖቼ፣ በሱቁ ግድግዳ ላይ ያየሁት ምላጭ አዲስ ምላጭ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። በፈረንሳይም ቆርጧል።

ፉኬ በ1475 የንጉሥ ሉዊ 11ኛ ሠዓሊ ተብሎ በይፋ ተሾመ። በ1481 የተጻፈ ሰነድ ሚስቱን መበለት ብሎ ይጠራታል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ዐርፏል ማለት ነው። ልጆቹ ሉዊና ፍራንሷም ሠዓሊዎች ሆኑ። ከዚያ በኋላ ስሙ ለረጅም ጊዜ ደበዘዘ። ሥዕሎቹ በነገሥታት ግምጃ ቤት ነበሩ፤ የማን እጅ እንደ ሆኑ ግን ሰው ረሳ።

ታዲያ ስሙን ማን መለሰው? አንድ ጸሐፊ። ፉኬ ከሣላቸው መጻሕፍት አንዱ የዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ዓይነት የአይሁድ ታሪክ ነው፤ የዮሴፉስ መጽሐፍ። ይህ መጽሐፍ ኋላ የቡርቦን መስፍን የፒየር ንብረት ሆነ። የመስፍኑ ጸሐፊ ፍራንሷ ሮበርቴ ብዕሩን አንሥቶ በመጽሐፉ መጨረሻ አንድ አጭር ማስታወሻ ጻፈ። በዚህ መጽሐፍ 12 ሥዕሎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የቤሪው መስፍን ሠዓሊ እጅ ናቸው፤ ዘጠኙ ደግሞ የንጉሥ ሉዊ ሠዓሊ የሆነው የቱሩ ተወላጅ የዣን ፉኬ እጅ ናቸው የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሮበርቴ ሠዓሊ አልነበረም። ቀለም አልበጠበጠም። ያየውንና የሰማውን ሳይረሳ ጻፈ፤ ያደረገው ይህን ብቻ ነው። ከዘመናት በኋላ ሊቃውንት ያቺን ማስታወሻ ይዘው ዘጠኙን ሥዕሎች አጠኑ፤ የእጁን ጠባይ፣ የቀለሙን አገባብ፣ የፊቱን አሠራር ለዩ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ስም አጥተው የተበተኑትን ሥዕሎች በዚያ መለኪያ እየለኩ "ይህም የፉኬ ነው፣ ይህም የፉኬ ነው" እያሉ ሰበሰቧቸው። አንዲት ማስታወሻ የአንድን ሰው ሙሉ ሕይወት መለሰች።

የዚህ መጽሐፍ ታሪክ በዚህ አያበቃም። ሁለተኛው ክፍሉ ጠፍቶ ነበር። በ1903 ሄንሪ ዬትስ ቶምፕሰን የሚባል እንግሊዛዊ መጽሐፍ ሰብሳቢ በለንደን ጨረታ ገዛው፤ ሥዕሎቹ ግን አንዱ ብቻ ሲቀር ተቆርጠው ወጥተው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጡት አሥሩ በእንግሊዝ ንጉሥ ቤተ መንግሥት፣ በዊንድሶር ተገኙ። በ1906 ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛና ዬትስ ቶምፕሰን ተስማሙ፤ መጽሐፉና አሥሩ ቅጠሎች አንድ ላይ ሆነው ለፈረንሳይ ተሰጡ። ዛሬ በፓሪስ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የዊንድሶርን ስም ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ አገራችን። ፉኬ በቱር ቀለም በሚበጠብጥበት ጊዜ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ በኢትዮጵያ የእመቤታችንን ክብር በሕግ አጸኑ። የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ በሥዕሏ ፊት እንዲሰገድ አዘዙ። ሥርዓት ሥዕልን ይጠራል። ስለዚህ በየደብሩ በእንጨት ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል ያስፈልግ ጀመር። ከዚያ ዘመን ሠዓሊዎች መካከል ስሙ ደምቆ የወጣው ፍሬ ጽዮን ነው።

በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ሥዕል አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ሊቃነ መላእክት በግራ ቀኟ ቆመዋል። ፊቷ ረጋ ያለ፣ መስመሩ የቀጠነ፣ ልብሱ ዕጥፍ ዕጥፍ ያለ ነው። በሥዕሉ ላይ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በፍሬ ጽዮን እጅ መሣሉን የሚናገር ጽሕፈት አለ። ዳጋ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም የሚገኝበት ገዳም ነው። ፉኬ እስጢፋኖስ ለሚባል ሹም ሣለ፤ ፍሬ ጽዮን በእስጢፋኖስ ገዳም ሣለ። ይህን ግጥምጥም እግዚአብሔር ያውቀዋል እላለሁ እንጂ ትርጉም አልሰጠውም። የምሰጠው ትርጉም ለሌላው ነው፤ ያች የፍሬ ጽዮን ስም ያለባት ጽሕፈት እንደ ሮበርቴ ማስታወሻ ሆነች። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ከዚያች ስም ካለባት ሰሌዳ ተነሥተው በየገዳሙና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉ ስም የለሽ የእመቤታችን ሥዕሎችን አጥንተው፣ ከፍሬ ጽዮን እጅና ከደቀ መዛሙርቱ እጅ የወጡትን ለይተው በ1994 ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ሕፃኑ በእጁ ወፍ የያዘበት፣ የእናቱን አገጭ የሚዳስስበት፣ የፊቱ መስመር የሚለሰልስበት ሁሉ የአንድ ቤት ሥራ መሆኑ ታወቀ። አንድ ስም ከአንድ ሰሌዳ ላይ ባይጻፍ ኖሮ ዛሬ ሁሉም "የድሮ ነው" ተብለው ይቀሩ ነበር።

እዚህ ላይ ቅድም ያቆየሁትን ልዩነት ላንሣ። ፉኬ ፊቱን በወርቅ ሣለ፤ ፍሬ ጽዮን ፊቱን አልሣለም። ምን እንደሚመስል አናውቅም፤ እሱም እንድናውቅ አልፈለገም። የሣለው ከማንም ሴት ያልተቀዳውን የእመቤታችንን ፊት ነው፤ ስሙን ያኖረውም ከእግሯ ሥር እንደሚንበረከክ ሰው ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ "የአውሮፓ ሠዓሊ ራሱን አወቀ፤ የእኛ ሠዓሊ ግን ራሱን ረሳ" ይላል። እኔ እንዲህ አላምንም። ስሙን የጻፈ ሰው ራሱን አልረሳም። የፈለገው እንዲታይ ሳይሆን እንዲታሰብ ነው። የሩቁ ዘመን ሰው ሥዕሉን ሲሳለም ስሙን አንሥቶ እንዲጸልይለት ነው። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" የሚሉት አባቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር። ኋላም በጎንደር ዘመን ሥዕል አሠሪዎቹ በሥዕሉ ግርጌ ተደፍተው ይሣሉ ነበር። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉትን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ይህም የሰው መልክ ሥዕል ነው፤ ቦታው ብቻ ነው የተለየው።

አሁን ወደዚህ ምድር ልምጣ። ጋይንት የቤተልሔም አገር ናት። በእኛ ሊቃውንት ዘንድ "ቤተልሔም" ሲባል ድጓ ማለት ነው፤ ከየትም አገር የተማረ የድጓ ተማሪ ምስክር ለመሆን ወደዚህ ይመጣል። ዙር አባም በዚሁ በጋይንት የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግዳ ቤተልሔም ሲደርስ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን አየ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ከጥንት የቆመች አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተከድና አገኘ። ከጉጉቱ የተነሣ ጉዞውን በመጽሐፍ ጻፈ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው እንግዳው ስላደነቀው አይደለም። አባቶቻችን አዲሱን ሲሠሩ አሮጌውን እንዳላፈረሱት ስለሚያሳይ ነው፤ አዲሱን ለአሮጌው መጠለያ አድርገውታል። ይህ የዚህ አገር ጠባይ ነው።

ድጓ የሚማር ሰው ድጓውን በራሱ እጅ ይጽፍ ነበር፤ ይህ የሚታወቅ ነው። ከፍየል ቆዳ ብራናውን ይፍቃል፤ ይወጥራል፤ ያሻል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይቀምማል። ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል፤ ቀለሙን በቀንድ ይይዛል። ከንባቡ በላይ ምልክቱን ያስቀምጣል። ሐረግ የሚችል ሐረግ ይስላል። ከተፈጸመ በኋላ መጽሐፉን ገበታ ያለብሰዋል፤ ማኅደር ይሰፋለታል። በመጨረሻም፣ እዚህ ላይ ስሙኝ፣ የጻፈውን ሰው ስም፣ የመምህሩን ስም፣ ያጻፈውን ሰው ስም ያስገባል። እኛ የስም ድሆች አልነበርንም። ስም የመጻፍ ባህል ነበረን፤ አለንም። የሥዕሉን እጅ ግን ብዙ ጊዜ ዘለልነው። ጸሐፊው ተጽፎ ሠዓሊው ሳይጻፍ የቀረበት መጽሐፍ በየደብሩ ስንት እንዳለ አባቶች ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ምድር ሌላም ላስታውስ። በጥቅምት 1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ተነሡ። ያን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ የሚጎትተው ሕዝብ መንገድ እየቆረጠ በጋይንት በኩል ወጣ፤ ጨጨሆን ተሻገረ፤ በዋድላ በኩል አልፎ መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጀ። ንጉሡ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚሆኑ መጻሕፍት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት መቅደላ ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን፣ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዱ። ስድስቱ ምርጥ ምርጦቹ ደግሞ የት ገቡ? በዊንድሶር ቤተ መንግሥት። የፉኬ አሥር ቅጠሎች ከተገኙበት ከዚያው ቤት።

ከመቅደላ ከተወሰዱት መካከል ኵርዐተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል ነበር። ጌታችንን በእሾህ አክሊል የሚያሳይ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የነገሥታቱ ሆኖ፣ ሠራዊቱ ከፊቱ እየማለ፣ ለጦርነት ሲወጡ ተይዞ ይሄድ ነበር። ሪቻርድ ሆልምስ የሚባለው የሙዚየሙ ሰው ወሰደው፤ ለራሱም አስቀረው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኵርዐተ ርእሱን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። የክብረ ነገሥቱ አንድ ቅጂ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን "አልተገኘም" ተባለ፤ በሰው ቤት ተሸሽጎ ነበርና። በ1924 ራስ ተፈሪ ለንደን ሲሄዱ አንድ የዐፄ ቴዎድሮስ የብር ዘውድ ተመለሰላቸው፤ ከዚያም በ1965 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲመጡ የንጉሡን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። መንገዱ ተዘግቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ጠባብ ነው እንጂ።

ይህን ሁሉ ያስተያየሁት ለምንድን ነው? ፈረንሳይ የፉኬን ቅጠሎች ያገኘችው ምን ይዛ ነው? ስም ነበራት፤ የመጽሐፉ ሌላ ክፍል ነበራት። "የእኛ ነው" ለማለት ማስረጃ ነበራት። ዐፄ ዮሐንስም ክብረ ነገሥትን መልሰው ያገኙት በስሙ ስለ ጠሩት ነው። ስም የሌለውን ነገር መልሱልኝ ማለት ከባድ ነው። ያ በሱቁ ግድግዳ ላይ ያየሁት ቅዱስ ጊዮርጊስ ይመለስ ብል ወደ የትኛው ደብር ይመለስ? ምላጩ ከመጽሐፉ ሲለየው ስሙንም አብሮ ቆርጦታል።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ቄሰ ገበዞች፣ ዕቃ ቤቶች፣ አባቶቼ፤ በየደብራችሁ ያለውን ብራና አውጥታችሁ ቁጠሩት። መጽሐፉ ስንት ቅጠል አለው? ስንት ሥዕል አለው? የማን ሥዕል በየትኛው ቅጠል ላይ ነው? ይህን በደብተር ጻፉት፤ አንዱን ለደብሩ፣ አንዱን ለሀገረ ስብከቱ፣ አንዱን ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ስጡት። በብራናው ላይ አትጻፉ፤ በአዲስ ወረቀት ጻፉ። አሮጌውን ሥዕል በአዲስ ቀለም አታድሱት፤ የሠዓሊው እጅ ከሥሩ ይጠፋልና። ብራናውን ከርጥብ ግድግዳና ከመሬት አርቁት፤ ማኅደሩን ጠግኑለት። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። አዋጁ ግን የሚጠብቀው የተቆጠረውን ነው፤ ያልተቆጠረውን ማን ጠፋ ይላል?

ወጣቶች፤ ስልካችሁ ዛሬ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከ1973 ጀምሮ በአገራችን የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የሚያነሣ ሥራ ተሠርቶ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ አለ። ያ ሥራ በትልልቅ መሣሪያዎች የተሠራ ነው። እናንተ በአባቶች ፈቃድና በአባቶች ፊት፣ ብልጭታ ሳታበሩ፣ ቅጠሉን በንጹሕ እጅ እየገለጣችሁ፣ የሥዕሉን ፊትና የኋላውን ጽሕፈት ማንሣት ትችላላችሁ። ፎቶውን ለሽያጭ አታድርጉት፤ ለደብሩ አስረክቡት።

ሠዓሊዎችም ከእናንተ መካከል አሉ። በእስቴም በስማዳም አዲስ ቤተ ክርስቲያን በተሠራ ቁጥር ግድግዳው ሥዕል ይጠይቃል። ሥዕሉን ስትፈጽሙ ዘመኑንና ስማችሁን በትሕትና ጻፉ። ፊታችሁን ሣሉ አልልም፤ ፍሬ ጽዮን ያደረገውን አድርጉ ነው የምለው። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተማሪ ከአንድ ስም ተነሥቶ የእጃችሁን ሥራ ሁሉ ይሰበስባልና።

አባቶቼ፤ ምክሬን የምፈጽመው በእናንተው ወግ ነው። የድጓው ተማሪ መጽሐፉን ፈጽሞ ሲያበቃ ስሙን ይጽፋል፤ የመምህሩንም ስም ይጽፋል። በዚያው ላይ አንዲት መስመር ጨምሩበት፦ ሥዕሉን የሣለው እገሌ ነው፤ አገሩ እገሌ ነው። ሮበርቴ የጻፈው ይህችኑ መስመር ነበር፤ ከዘመናት በኋላ የአንድ ሠዓሊ ሕይወት በእሷ ተነሣ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ብራና ላይ የተጻፈች እንዲህ ያለች መስመር ደግሞ ማንን እንደምታነሣ የሚያውቀው ከእኛ በኋላ የሚወለደው ልጅ ነው።